የአዲስ አበባ ሰፈሮች፤ አመሠራረታቸውና በዛሬው ዘመን የደረሰባቸው ለውጥ

ወደ አንድ ታሪካዊ ዋና ከተማ የሚሄድ ጐብኚ አስቀድሞ የሚፈልገው የቀድሞ ዘመን ሥራ የሚታይበትን ስፍራ ነው። በአክሱም ሐውልቶቹ፣ በጐንደር የነገሥታቱ ግንብ፣ በሐረር የጀጎል ቅጥር ይህን ፍላጎት ወዲያው ይፈጽሙለታል። አዲስ አበባ የገባ እንግዳ ግን «የጥንቱ ከተማ የት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ሁሉም የሚስማማበት መልስ አያገኝም። አንዱ ወደ ታላቁ ግቢ፣ ሌላው ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን፣ ሦስተኛው ወደ ጣይቱ ሆቴል ይመራዋል። እነዚህን ሁሉ ካየ በኋላም በመካከላቸው የሚያልፍበት መንገድ በአዳዲስ ሕንፃዎችና በግንባታ አጥር የተሞላ ስለ ሆነ፣ ከተማዪቱ ታሪክዋን ጨርሳ ያጠፋች ይመስለዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዐላማ የአዲስ አበባ ታሪክ ከሕንፃዎችዋ ይልቅ በሰፈሮችዋ አቀማመጥ ተጠብቆ የኖረ መሆኑን ማስረዳት ነው። ማን ከማን አጠገብ እንደ ሰፈረ፣ ሰፈሩ በማን ስም እንደ ተጠራ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር በምን ማኅበር እንደ ተሳሰረ ያወቀ ሰው ከተማዪቱ እንዴት እንደ ተቈረቈረችና እንዴት እንደ አደገች ለመረዳት ይችላል። ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ በዛሬው ጊዜ የሚካሄደው ፈጣን ግንባታ የሚያነሣው ጥያቄ አሮጌ ቤቶችን ስለ መጠበቅ ብቻ ሊሆን አይችልም። አንድ ሰፈር ሲነሣ ከቤቱ ጋር ምን ይነሣል? የተነሡት ሰዎች ይዘውት የሚሄዱት ምንድን ነው? ይዘውት ሊሄዱ የማይችሉትስ? ከዚህ በታች ያለው ሐተታ እነዚህን ጥያቄዎች በየተራ ይመለከታል።

1. ከእንጦጦ ወደ ፍል ውሃ

ጐብኚው ጉዞውን ከእንጦጦ ተራራ ቢጀምር የከተማዪቱን አመሠራረት በቅደም ተከተል ያየዋል። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ይህ ተራራ ዳግማዊ ምኒልክ አስቀድመው የተቀመጡበት የጦር ምሽግ ነበር። ስፍራው ጠላትን ከሩቅ ለማየት የሚያመች ቢሆንም ብርዱና ነፋሱ የበዛ፣ ውሃም የሚቸግርበት ስለ ነበረ፣ ቤተ መንግሥቱና መኳንንቱ ከተራራው ግርጌ ወዳለው ፍል ውሃ እየወረዱ መታጠብንና መሰንበትን ልማድ አደረጉ። እቴጌ ጣይቱም በ1879 ዓ.ም. በፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው ስፍራውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ይሁን እንጂ ከዚህ በኋላም እንጦጦ ክብሩ ወዲያው አልቀረበትም፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በተራራው ላይ ባለችው በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው።

አዲሱ ከተማ የተቈረቈረበት ምድር ባዶ ሜዳ አልነበረም። የቱለማ ኦሮሞ ጐሣዎች የሚያርሱበትና ከብታቸውን የሚያረቡበት፣ የፍል ውሃውንም ስፍራ ፊንፊኔ ብለው የሚጠሩት አገር ነበር። ከተማዪቱ እየሰፋች በሄደች መጠን ነባሮቹ ባላገሮች ከመሬታቸው ተገፍተዋል። ቢሆንም ጉለሌ፣ የካ፣ ገላን፣ ላፍቶ፣ ኮተቤ የሚሉት ስሞች ዛሬም የከተማዪቱ ክፍሎች መጠሪያ ሆነው ይነገራሉ። የአዲስ አበባን ሰፈሮች የሚያጠና ሰው ከነዚህ ስሞች መነሣት ይገባዋል፤ ከሁሉ ይቀድማሉና።

የከተማዪቱ ነዋሪነት ራሱ ለጥቂት ዓመታት ያጠራጥር ነበር። የቀድሞዎቹ የመናገሻ ስፍራዎች በዙሪያቸው ያለው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቈርጦ ሲያልቅ ይለቀቁ ነበር፤ አዲስ አበባም በ1890ዎቹ መጀመሪያ በእንጨት እጦት ምክንያት ልትለቀቅ ተቃርባ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ አዲስ ዓለም በተባለው ስፍራ ሌላ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። በዚህ መካከል ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ በእንጦጦና በየመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ ተተክሎ በጥቂት ዓመት ውስጥ ስለ ደረሰ የማገዶውና የማገሩ ችግር ተቃለለ። በአዲስ ዓለም የተጀመረውም ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ስለዚህ ጐብኚው ከእንጦጦ ሲወርድ በግራና በቀኝ የሚያየው የባሕር ዛፍ ደን ለከተማዪቱ መጽናት አንዱ ምክንያት መሆኑን ማስታወስ ያስፈልገዋል።

2. ከድንኳን ወደ ቤት

«ከተማ» የሚለው ቃል በዛሬ አነጋገር ብዙ ሕዝብ የሚኖርበትንና የሚነግድበትን ስፍራ ያመለክታል። በቀድሞው አነጋገር ግን ንጉሥ ወይም የጦር አለቃ ከነሠራዊቱ ያረፈበት፣ አብዛኛውን ጊዜ በኰረብታ ላይ የሆነ ማረፊያ ማለት ነበር። «ሰፈር» የሚለውም ቃል «ሰፈረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሆኖ ጭፍራው ያረፈበትን ቦታ ይገልጻል። አዲስ አበባ የተመሠረተችበትን ሥርዐት ከነዚህ ከሁለቱ ቃላት መረዳት ይቻላል።

በዘመቻ ጊዜ የንጉሡ ድንኳን በመካከል ሲተከል እያንዳንዱ መኰንን የሚሰፍርበትን አቅጣጫ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ፊታውራሪው በፊት፣ ቀኝ አዝማቹ በቀኝ፣ ግራ አዝማቹ በግራ፣ ደጀኑ በኋላ ይሰፍራሉ። በየመኰንኑ ድንኳን ዙሪያ ደግሞ የራሱ ወታደሮች፣ አሽከሮች፣ ባለ እጆችና ካህናት ይከቡታል። ስለዚህ አንድ ትልቅ ሰፈር የብዙ ትንንሽ ሰፈሮች ስብስብ ነበር፤ በእያንዳንዱም ውስጥ ከጌታው ጀምሮ እስከ እንጨት ለቃሚው ድረስ ያለው ሰው በአንድነት ይገኝ ነበር።

በአዲስ አበባ ይህ ሥርዐት ከድንኳን ወደ ቤት ተለውጦ በምድር ላይ ጸና። ታላቁ ግቢ ከፍል ውሃው በላይ ባለው ኰረብታ ላይ ተሠራ። መኳንንቱም በዙሪያው ባሉት ኰረብታዎች ላይ ቦታ እየተሰጣቸው ከነጭፍሮቻቸው ሰፈሩ። የዘመቻው የቀኝና የግራ ደንብ በጥብቅ የተጠበቀ ባይሆንም፣ ጌታው በከፍታ፣ ጭፍራው በተዳፋቱ ላይ የሚኖርበት ሥርዐት በየሰፈሩ ይታይ ነበር። ከእንጦጦ የሚወርዱት ቀበናን፣ ግንፍሌንና ቀጨኔን የመሳሰሉት ወንዞች አንዱን ሰፈር ከሌላው ይለዩ ነበር። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው መሻገር ስለሚያስቸግር ድልድይ ማሠራት ትልቅ ሥራ ነበር። የራስ መኰንን ድልድይና የሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የሚሉት ስሞች ይህንኑ ዘመን ያስታውሳሉ።

በ1888 ዓ.ም. ከተገኘው ከአድዋ ድል በኋላ የከተማዪቱ ሕዝብ በፍጥነት በዛ። የውጭ መንግሥታት መልክተኞች መጡ፤ የህንድ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎችና ባለ እጆችም ገቡ። መኳንንቱ ታችኛው ክፍላቸው በድንጋይ፣ ላይኛው በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ ዙሪያቸውን በረንዳ ያላቸው ባለ ፎቅ ቤቶችን ያሠሩት በዚህ ዘመንና ከዚያ ቀጥሎ ባሉት ዓመታት ነው። በመስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውና በኋላ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት ከነዚህ አንዱ ነው። በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲው ምድር ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ ከተማዪቱ ከእንግዲህ ወዲያ የማትነቃነቅ ዋና ከተማ ሆነች።

3. የሰፈር ስሞች የሚያስረዱት

የሰፈሮቹን ስም በየወገኑ ለይቶ የተመለከተ ሰው የከተማዪቱን ዕድገት በአጭሩ ያገኘዋል። የመጀመሪያው ወገን በጌቶች ስም የተጠራው ነው፤ ደጃች ውቤ ሰፈርና ራስ ካሳ ሰፈር ለምሳሌ ይጠቀሳሉ። ሁለተኛው ለግቢው በሚሰጥ አገልግሎት የተጠራው ሲሆን፣ ሠራተኛ ሰፈር የባለ እጆች፣ ዘበኛ ሰፈር የጠባቂዎች፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የመሣሪያ ያዦች፣ ሥጋ ቤት ሰፈር የሥጋ ቤቱ አገልጋዮች መሆናቸውን ስማቸው ይናገራል። ሦስተኛው ወገን ሰዎቹ በመጡበት አገር ወይም በወገናቸው የተጠራው ነው፤ ወሎ ሰፈር፣ ጎፋ ሰፈርና አደሬ ሰፈር ከዚህ ይቈጠራሉ። አራተኛው በቤተ ክርስቲያን ታቦት ስም የተጠራ ነው፤ ልደታ፣ ጨርቆስና ተክለ ሃይማኖት ይህን ይመስላሉ።

አምስተኛው ወገን የሰፈሩን ሕዝብ ቀልድና ትዝታ የሚያሳይ ነው። ሰባራ ባቡር የተባለው ሰፈር በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለ አርመናዊ ያስመጣው የእንፋሎት ባቡር ተበላሽቶ የቆመበት ስፍራ እንደ ሆነ ይነገራል። እሪ በከንቱና ዶሮ ማነቂያ የሚሉት ስሞችም ሹም ሳይሰይማቸው ሕዝቡ በራሱ አነጋገር ያወጣቸው ናቸው።

ስድስተኛው ወገን ከውጭ ቋንቋ የመጣው ነው። ለገሃር በፈረንሳይኛ የባቡር ጣቢያ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ካዛንቺስና ፖፖላሬ የሚሉት ስሞች ኢጣልያኖች ከተማዪቱን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በያዙበት ጊዜ የቀሩ ናቸው። በነዚህ አምስት ዓመታት የሆነው ነገር ለዚህ ጽሑፍ ዐላማ ልዩ ትርጉም አለው። ወራሪዎቹ ነጩና ጥቁሩ ሕዝብ ተለያይቶ የሚኖርበትን ከተማ ለመሥራት ዐቅደው፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን የአራዳን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወሩት፤ የአገሬው ሰው ገበያ ብለው የመሠረቱትም የዛሬው መርካቶ ነው። ካዛንቺስም ለመንግሥታቸው ሠራተኞች የሠሩት የመኖሪያ ቤት ሰፈር ነበር። ዕቅዳቸው ሳይፈጸም ስለ ተባረሩ ያሰቡት መለያየት አልጸናም፤ ስሞቹ ግን ቀሩ። የከተማዪቱን ነዋሪ ለይቶ በየወገኑ ለማስፈር በዕቅድ የተሞከረው ያን ጊዜ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

4. በአንድ አጥር የሚዋሰኑ ሀብታምና ድኻ

ከሰፈር ሥርዐት የተወለደው ዋናው የአዲስ አበባ ጠባይ ባለጠጋና ድኻ በአንድ አጥር እየተዋሰኑ መኖራቸው ነው። በብዙ የዓለም ታላላቅ ከተሞች የሀብታሞች መንደር ለብቻ፣ የድኾች መንደር ለብቻ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ግን የመኰንን ልጅ ቤትና የልብስ አጣቢዋ ጐጆ በአንድ መንገድ ላይ ይገኙ ነበር። የጌታው ጭፍራ ልጆች በዚያው ተዳፋት ላይ ቀሩ። ከገጠር የመጣው አዲስ ሰውም በየግቢው አጥር ሥር ትንንሽ ክፍሎች እየተከራየ ተጨመረ። ሁለቱ ወገኖች በኑሮ ይፈላለጉ ነበር፤ ባለጠጋው እንጀራ ጋጋሪ፣ ልብስ አጣቢ፣ ዘበኛና ተሸካሚ ሲያስፈልገው ከጎረቤቱ ያገኝ ነበር፤ ድኻውም የዕለት ሥራውን ያገኝ የነበረው ከዚያው ነው።

ይህ አኗኗር የንጉሡ ዘመን ካለፈ በኋላም ሳይለወጥ የቀረበት ምክንያት ሊመረመር ይገባዋል። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ባለ ቤቱ አንድ መኖሪያ ቤት ሲቀርለት፣ ተከራዮቹ በየነበሩበት ቤት በአነስተኛ ኪራይ የቀበሌ ተከራይ ሆነው ቆዩ። በዚህ ምክንያት ባለ ቤትና ተከራይ እንደ ቀድሞው ጎረቤት ሆነው ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ኖሩ፤ የቦታ ዋጋ ድኻውን ከመሀል ከተማ ሊገፋው አልቻለም። ነገር ግን ይኸው አዋጅ ሌላም ውጤት ነበረው። የቀበሌ ኪራይ እጅግ አነስተኛ ስለ ሆነ ለቤቱ እድሳት የሚበቃ ገንዘብ አልተገኘም። የጭቃው ግድግዳ ፈረሰ፤ ቆርቆሮው ዛገ፤ ብዙ ቤተ ሰብ በአንድ መጸዳጃና በአንድ ቧንቧ የሚጠቀምበት ሰፈር በዛ። በወንዝ ዳር የሰፈሩትም በየክረምቱ የጐርፍ ሥጋት ነበረባቸው። የቀድሞውን ሰፈር የሚያወድስ ጸሐፊ ይህን ችላ ቢል እውነቱን በግማሽ ብቻ ተናገረ ማለት ነው።

እነዚህን የተለያዩ ሰዎች በአንድነት ያያዛቸው ዋነኛ ማኅበር ዕድር ነው። ዕድር በሰፈር ነዋሪነት ላይ የቆመ የቀብርና የመረዳጃ ማኅበር ሲሆን፣ በሃይ​ማኖት ወይም በመጡበት አገር የተለዩ ዕድሮች ቢኖሩም በብዙው ሰፈር የአባልነቱ መሠረት ጉርብትና ነው። አባሎቹ በየወሩ መዋጮ ያወጣሉ፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥም ይመርጣሉ። ዕድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስትና ሳሕን ይኖረዋል። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊው ገና ጎሕ ሳይቀድ በየመንደሩ እየዞረ ያስታውቃል፤ ወንዶቹ ድንኳን ይተክላሉ፤ ሴቶቹ በራሳቸው ዕድር አማካይነት ንፍሮና ምግብ ያሰናዳሉ፤ ከዚያም ለቀስተኛው ተከፋፍሎ ሐዘንተኛውን ሳያስቀር ያስተዛዝናል። በቀብር ያልተገኘ አባል ምንም ያህል ሀብታም ቢሆን መቀጮ ይከፍላል። ስለዚህ በሌላ ጊዜ በአንድ ማዕድ የማይቀመጡ ሰዎች በዕድር ድንኳን ሥር በአንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ።

ከዕድር ሌላ ዕቁብ፣ የጽዋ ማኅበር፣ የቡና ጥሪ፣ የሱቅ ዱቤና የጉሊት ንግድ ነበሩ። ባለ ሱቁ ለደንበኛው በዱቤ የሚሰጠው ቤቱንና ዘመዶቹን ስለሚያውቅ ነው። ድኻዋ እናት ልጅዋን ለጎረቤት ትታ ወደ ገበያ የምትሄደውም በዚሁ መተማመን ነው። ይህ ሁሉ በገንዘብ ሲተመን የማይታይ፣ ነገር ግን በሰፈሩ ሰው ኑሮ ውስጥ እንደ ሀብት የሚቈጠር ነገር ነው።

5. የዛሬው ግንባታ

አዲስ አበባን አዲስ መልክ ማስያዝ የዛሬ ብቻ ዐሳብ አይደለም። በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፤ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በከተማዪቱ ተመሠረተ። በዚያ ዘመን የተከፈቱት ሰፋፊ ጎዳናዎችና የተሠሩት ትልልቅ ሕንፃዎች ለከተማዪቱ የአህጉር መናገሻነት መልክ ሰጥተዋታል። ይሁን እንጂ የዚያን ጊዜው ሥራ በብዛት በዋና ዋና መንገዶች ዳር ተወስኖ ስለ ቀረ፣ ከሕንፃዎቹ ጀርባ ያሉት ሰፈሮች እንዳሉ ኖሩ።

የቅርቡ ዘመን ሥራ ግን ወደ ሰፈሮቹ ውስጥ ገብቷል። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ የከተማዪቱ ሕዝብ ከ2.1 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ ከ2.7 ሚሊዮን አልፏል። ይህን ሕዝብ ለማስፈር ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ የጋራ መኖሪያ ቤት፣ በተለምዶ ኮንዶሚኒየም የተባለው ሥራ ተጀመረ፤ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ የመሳሰሉት በከተማዪቱ ዳርቻ ያሉ ሰፋፊ መንደሮች ተሠሩ። በመሀል ከተማ ደግሞ እንደ ልደታ ያሉ አሮጌ ሰፈሮች እየተነሡ በባለ ፎቅ ሕንፃ ተተኩ። በ2008 ዓ.ም. የከተማ ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ። በ2014 ዓ.ም. በሰንጋ ተራ አካባቢ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሰማይ ጠቀስ ዋና መሥሪያ ቤት ተመረቀ። በታላቁ ግቢ ውስጥ አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም. ለጐብኚዎች ተከፈተ፤ በፒያሳም የአድዋ ድል መታሰቢያ በ2016 ዓ.ም. ተመረቀ።

በዚያው በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ ተጀመረ። መንገዶች ሰፉ፤ የእግረኛና የብስክሌት መሄጃ ተሠራ፤ መብራትና አትክልት በየዳሩ ተተከለ። በዚህም ሥራ በፒያሳና በአራት ኪሎ መካከል ያለው ቦታ ብዙው ክፍል ፈርሶ እንደገና ተስተካከለ። ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ተራው የካዛንቺስ ሆነ። በአሁኑ ጊዜ በፒያሳ የሚያልፍ ጐብኚ ንጹሕና ብርሃናማ ጎዳና ያገኛል፤ ጥቂት ታሪካዊ ቤቶችም ታድሰው በጎዳናው ዳር ይታያሉ። ከቤቶቹ ጀርባ ይኖር የነበረውን ሰፈር ግን ቀድሞ የማያውቅ ሰው እንደ ነበረ እንኳ ሊገምት አይችልም።

ቅርስን ስለ መጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለታሪካዊ ሕንፃዎች መከላከያ ይሰጣል። ጥበቃው በተግባር ሲታይ ግን ያተኰረው ተለይቶ በሚመዘገብ ቤት ላይ ነው። አንድ የመኰንን ቤት ሲጠበቅ በዙሪያው የነበሩት የጭፍራው ቤቶች ከተነሡ፣ የቀረው ቤት ሰፈር መሆኑ ቀርቶ ለብቻው የቆመ ሐውልት ይሆናል። ከዚህ በላይ እንደ ተነገረው የአዲስ አበባ መኰንን ቤት ትርጉሙን ያገኘው ከተዳፋቱ ሰው ጋር ነበርና።

6. የተነሡት ሰዎች

አንድ ሰፈር ሲነሣ ነዋሪው ሁሉ በአንድ ዐይነት አይስተናገድም። የቤት ባለ ይዞታው ካሳና ምትክ ቦታ ይሰጠዋል። የቀበሌ ተከራዩ የጋራ መኖሪያ ቤት እንዲገዛ ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት እንዲገባ ይደረጋል። በሌላው ቤት ተጠግቶ የሚኖረው ደባል ግን በመዝገብ የታወቀ መብት ስለ ሌለው ብዙውን ጊዜ ራሱ መጠጊያ ይፈልጋል። ከዚህም የተነሣ በአንድ ግቢ ይኖሩ የነበሩ ሦስት ቤተ ሰቦች በሦስት የተለያዩ የከተማ ዳርቻዎች ሊበተኑ ይችላሉ።

ወደ ጋራ መኖሪያ ቤት የገቡት የሚያገኙት ጥቅም ግልጽ ነው። በቤታቸው ውስጥ ውሃ፣ መጸዳጃና ማብሰያ አላቸው፤ ከጐርፍና ከእሳት ሥጋትም በብዙው ድነዋል፤ በስማቸው የተመዘገበ ንብረትም አግኝተዋል። ሆኖም ስለ ተነሡት ሰዎች የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው የሚጠቅሱት ችግር የሥራና የትውውቅ መቋረጥ ነው። ልብስ አጣቢዋ ደንበኞችዋን፣ ጉሊት ነጋዴዋ መንገድዋን ታጣለች፤ ወደ ቀድሞው ሰፈር ተመላልሶ ለመሥራት የመጓጓዣው ዋጋ ከዕለቱ ገቢ ላይ ይቀነሳል። ለቤቱ የሚከፈለውን ወርኃዊ ዕዳ መክፈል ያቃታቸው አንዳንዶች ቤቱን ለሌላ አከራይተው ራሳቸው በርካሽ ቦታ ይኖራሉ። እንዲህ ሲሆን መክፈል የሚችለው በአንድ ወገን፣ የማይችለው በሌላ ወገን እየተለየ ይሄዳል። ማንም ለይቶ እንዲኖር ሳያዝ፣ የቤቱ ዋጋ ራሱ ሰውን በገቢው እየለየ ያሰፍረዋል።

ከዳርቻው አቅጣጫም የሚታይ ሌላ ጉዳይ አለ። አዳዲሶቹ መንደሮች የተሠሩበት መሬት ብዙው የኦሮሞ ገበሬዎች እርሻ ነበር። ከተማዪቱን ከአካባቢዋ ጋር አያይዞ ለማስፋት በወጣው ማስተር ፕላን ምክንያት ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በኦሮሚያ ተቃውሞ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ ዕቅዱ በ2008 ዓ.ም. ቀርቷል። ስለዚህ ከመሀል ከተማ የተነሣው ድኻ የሚያርፈው ቀድሞ ሌላ ሰው በተነሣበት መሬት ላይ ነው። በ1879 ዓ.ም. በፍል ውሃው ዳር የተጀመረው ነገር በዚህ ረገድ ገና አልተፈጸመም።

ዕድሩስ ምን ሆነ? በዚህ ጥያቄ ላይ ከሦስት የማያንሱ መልሶች ይታያሉ። አንዳንዱ ዕድር ሰፈሩ ሲነሣ ገንዘቡንና ዕቃውን ለአባሎቹ አከፋፍሎ ይፈርሳል። ሌላው ዕቃውን በቤተ ክርስቲያን ወይም በአንድ አባል ግቢ አስቀምጦ፣ አባሎቹ ከየዳርቻው እየመጡ ወርኃዊ ስብሰባቸውን በቀድሞው ደብር ያደርጋሉ። በእንዲህ ያለው ዕድር ጥሩምባ ነፊው ቀርቶ የሞት መርዶ በስልክ ይነገራል። ሦስተኛው መልስ በአዲሶቹ መንደሮች ውስጥ በየሕንፃው አዲስ ዕድር ማቋቋም ነው። የመኪና ማቆሚያው ቦታ የድንኳን መትከያ ይሆናል፤ ለጋራ አገልግሎት የተሠራው ቤት ምግብ ማሰናጃ ይሆናል፤ አስከሬን በጠባብ ደረጃ ለማውረድም ጎረቤት ሁሉ ይተባበራል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ዕድር ከሰፈር ተነቅሎ ሊተከል የሚችል ማኅበር መሆኑ በተግባር ታይቷል፤ ሕዝቡ ይዞት ይሄዳል። ሊተከል ያልቻለው በአንዱ ዕድር ውስጥ ባለጠጋንና ድኻን፣ የድሮውን የመኰንን ልጅና የትላንት እንግዳን በአንድ አግዳሚ ያስቀመጠው የሰፈሩ ቅልቅል ነው። ያን ቅልቅል ያመጣው ማኅበሩ ሳይሆን የቦታው አቀማመጥ ነበር፤ አቀማመጡም ሲለወጥ አብሮ ይቀራል።

7. ለተመራማሪው የቀረው ሥራ

ከላይ ከተነገረው የተነሣ አዲስ አበባን የሚጐበኝ ሰው አካሄዱን ሊለውጥ ይገባዋል። ሙዚየሞችንና መታሰቢያዎችን ከተመለከተ በኋላ ከአንዱ ኰረብታ ወደ ሌላው በእግሩ ቢሄድ፣ የትኛው ቤት በከፍታ፣ የትኛው በተዳፋት እንደ ተሠራ ቢያስተውል፣ የሰፈሩንም ስም ምክንያት ከሽማግሌዎች ቢጠይቅ፣ ሕንፃ ሊነግረው ያልቻለውን ታሪክ ያገኛል።

ለተማሪዎችና ለተመራማሪዎች ደግሞ ጊዜ የማይሰጥ ሥራ አለ። ሕንፃ ከመፍረሱ በፊት ፎቶግራፍ ሊነሣና ሊለካ ይችላል፤ ይህም በመጠኑ እየተደረገ ነው። የሰፈር አቀማመጥ ግን በፎቶግራፍ አይያዝም። ከእያንዳንዱ ሰፈር ቢያንስ አራት ነገር ሊመዘገብ ያስፈልጋል፤ የሰፈሩ ስምና የስሙ ታሪክ፣ የየቤቱ ነዋሪ ከየት እንደ መጣና በምን ይተዳደር እንደ ነበረ፣ የዕድሮቹ የአባልነት ወሰን ከየት እስከ የት እንደ ነበረ፣ ከተነሡ በኋላም ሰዎቹ ወዴት እንደ ሄዱ። የዕድር ጸሐፊዎች የሚይዟቸው የመዋጮ መዝገቦች ለዚህ ሥራ ከፍ ያለ ጥቅም አላቸው፤ የአባሉን ስምና የከፈለውን በየወሩ የሚያሳዩ ስለ ሆኑ፣ አንድ ሰፈር በብዙ ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ማንን እንዳስጠጋ በቅደም ተከተል ይናገራሉ። ዕድር ሲፈርስ ድስቱና ወንበሩ ይከፋፈላል፤ መዝገቡ ግን ዋጋ እንደ ሌለው ተቈጥሮ ብዙውን ጊዜ ይጣላል።

ከተማዪቱ ንጹሕ ውሃና ጽኑ ቤት ያስፈልጋታል፤ ይህን የሚከለክል አሳቢ የለም። ባለጠጋና ድኻ በአጥር ተዋስነው ይኖሩበት የነበረው ሥርዐት በአዲሱ ግንባታ ውስጥ ስፍራ ሊያገኝ ይችል እንደ ሆነ ግን ከተማ ለሚነድፉት ሰዎች የሚቀርብ ጥያቄ ነው። ጥያቄውን በማስረጃ ለማቅረብ የሚቻለው ያ ሥርዐት እንዴት ይሠራ እንደ ነበረ የሚያውቁት ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ሲጠየቁና መዝገቦቹም ሲሰበሰቡ ነው።